ኩሯ ታይፒስት

ባለፈው ወር ነው። አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባጃጅ እየጠበቅሁ ቆሜ ሳለ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ፊቴን መመርመር ጀመሩ። እኔም መረመርኳቸው። ዛሬ ዛሬ ሰው ሲያየኝ መልሼ ማየት እወዳለሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ትሠራ የነበረችው ኩሯ ታይፒስት እርስዎ አይደሉም?» አሉኝ። «ነኝ» አልኳቸው፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንድ ቀን እዚሁ መንገድ ላይ ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ብነሳዎት ቀጥ ብለው አለፉኝ። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ስንገናኝ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል» አሉ። «አላየሁዎትም ነበር።» «ፊት ለፊትዎ እኮ ነበርኩ!» «ፊት ለፊቴም ቢሆኑ አላየሁዎትም» አልኳቸው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ያስዋሻል በሚል ዓይን አይተውኝ፣ ደህና ይዋሉም ሳይሉኝ ሄዱ። ባጃጁ መጣና ገባሁ፤ ልቤ ግን ከሽማግሌው ጋር ወደ ኋላ ሄደ። እንዲያው መንገድ ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው እንጂ ላስረዳቸው በወደድኩ። ለእሳቸው ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። አባቴ ከምንጃር ወርዶ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ሸንኮራ መፍጫው ክፍል የተቀጠረ ሰው ነበር። የወንጂ ልጅ የሆነ ሁሉ የማይረሳው አንድ ነገር አለ። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይለኮሳል፤ ያን ቀን ጥቁር ጥላሸት ከሰማይ ይወርዳል። እናቶች ከገመድ ላይ ልብስ ለመሰብሰብ ይሯሯጣሉ፣ እኛ ልጆች ጥላሸቱን በእጃችን ለመቅለብ እንዘላለን። ሌሎቹ ሲጫወቱ እኔ ዓይኔን አሻለሁ። ያሳክከኝ ነበር። በጭሱም፣ በአቧራውም፣ በሸንኮራው አበባም ያሳክከኛል። የዚያን ጊዜውን ማሸት ዛሬ ሳስበው ያስፈራኛል፤ በጣቴ አንጓ እስኪንቋቋ ድረስ አሽቼ ስጨርስ ግን የሚሰማኝ ደስታ ወደር አልነበረውም። እናቴ «ዓይንሽን ተይው ብያለሁ!» እያለች በቀዘቀዘ ሻይ ታጥብልኛለች። ሻይ ከነዳቦው በአሥር ሳንቲም በሚገኝበት ዘመን እንኳ የእኔ ዓይን ከቤቱ ሰው ሁሉ የበለጠ ሻይ ጠጥቷል እያለ አባቴ ያሾፍ ነበር። አፍንጫዬ እስከ ዛሬ የሞላሰስ ሽታ ሲደርሰው ጣቶቼ ሳላዛቸው ወደ ዓይኔ ይነሳሉ፤ ይዤ አወርዳቸዋለሁ።

ጫልቱ ከጎረቤት ካምፕ ነበረች፤ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ። እናቷ አዴ ብርቂ እኔንና እሷን ለይተው አያውቁም፤ ከአንድ ሳህን ነው ያሳደጉን። ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ አብረን ቤት ተከራይተን ተማርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወንጂ የሚሄደውን አውቶቡስ በሃያ አምስት ሳንቲም እንሳፈራለን፤ ሳንቲሟን ፓስቲ ከበላንባት ደግሞ ጋሪ ነጂ እንለምናለን። ክፍል ውስጥ ከእሷ ደብተር ነበር የምገለብጠው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ አስቸግሮኝ ነበርና። አንድ ምሽት ደጃፍ ተቀምጠን «ጫልቱ፣ ላንቺ ጨረቃዋ ስንት ናት?» አልኳት። «አንድ ናታ፣ ስንት ልትሆን?» «ለእኔ አራት ናት፤ አንዷ ደመቅ ትላለች።» ጫልቱ የቀለድኩ መስሏት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ አሳሳቢ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል?

በኋላ አባቴ በሊትሪና አዲስ አበባ ወስዶ መነጽር አስገዛልኝ። የባቡሩ መስኮት፣ ሞጆ ላይ የሚሸጠው ብርቱካን፣ ቢሾፍቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩት ዩኒፎርም የለበሱ የአየር ኃይል ጎረምሶች፣ ሁሉም ዛሬም ፊቴ ላይ አሉ፤ መልካቸው ብቻ የለም፣ ያኔም አላየሁትማ። መነጽሩ ለአንድ ዓመት ያህል ጠቀመኝ። ከዚያ ሌላ ተለወጠ፤ ከዚያ ሌላ። መስታወቱ እየወፈረ ሄደ፣ ዓይኔም እየባሰበት ሄደ። ትልቁ መከራ ደግሞ ይህ ነበር፤ መነጽር ያደረገ ሰው ያያል ተብሎ ይታመናል። ጫልቱም፣ ወላጆቼም፣ አገሩም መነጽሬን አይተው የዓይኔን ነገር የተዘጋ ጉዳይ አደረጉት።

ትምህርቴን ስጨርስ በአሥር ጣት ታይፕ መምታት ተማርኩ። አስተማሪያችን እጃችንን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር የሚያስተምረን። የአማርኛውን መኪና የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፊደሉን መትቶ ቅጥያውን ለብቻው መምታት ይጠይቃል፤ እኔ ግን ጣቶቼ እንደ በገና ደርዳሪ ጣት ሆኑልኝ። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት መኪና ካለበት አንድ ታይፕ ቤት ተቀጠርኩ። አንድ ገጽ በሃምሳ ሳንቲም፣ ከነካርቦኑ በሰባ አምስት። ከበራፉ ላይ፣ ከአንዲት ጥላ ሥር፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ባለጉዳዩ ለሳቸው ይነግራል፣ እሳቸው በእጅ ይጽፋሉ፣ ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ያነቡለታል፣ ከዚያ ለእኛ ያስገባሉ። ዘመኑ የቤል ቦተም ሱሪና የአፍሮ ጠጉር ዘመን ነበር። እኔም ከመርካቶ የመጣች ባለ ነጠብጣብ ጉርድ ነበረችኝ፤ እሷን ለብሼ ሳልፍ ከካሴት ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ሁሉ ስለ ዓይን ነው። ዓይንሽ ኮከብ፣ ዓይንሽ ብርሌ፣ ዓይንሽ ገደለኝ። ለብቻዬ እስቃለሁ። ስለ መንግሥት ብዙ ይባል ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ግን የናዝሬትን ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ አቧራውን ከጋሪዎቹ ሥር ያነሳል፣ ይዞ ቀጥታ ወደ እኔ ዓይን።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ አጋማሽ ላይ ነገሩ ጠና። አሥር እርምጃ የራቀ ሰው ፊት ለእኔ ከውኃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ሆነ፤ አፍንጫው ሁለት፣ ቅንድቡ አራት። ማታ ማታ የመኪና መብራት ፀጉር ያበቅላል። ስለዚህ ሰውን በአካሄዱ፣ በድምፁ፣ በልብሱ ቀለም መለየት ተማርኩ። ቡናማ ካፖርት የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ የሚያነክሰው የመጽሐፍ ሻጩ ነው። ልብሳቸውን የቀየሩ ዕለት ጠፉብኝ ማለት ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ሰላምታ ቀልድ አይደለም። አንገቱን ሰብሮ እጅ የነሳህን ሰው አልፎ መሄድ በጥፊ ከመምታት አይሻልም። «ታይፒስት ሆና ኮራች» ተባለ። አንድ ሰሞን ደግሞ ለማስተካከል ብዬ ለመንገደኛው ሁሉ ፈገግ ማለት ጀመርኩ፤ ሁለት የማላውቃቸው ወንዶች እስከ ቤቴ ድረስ ተከተሉኝና ተውኩት። ባቡር ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ አንድ ጨዋ ልጅ ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መውጫ ቆሞ ጠብቆኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ አልፌው፣ «ንቃኛለች» ብሎ ልኮብኝ ነበር። የደብረ ዘይት ልጅ አገባ። እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ። የማልረሳው የአዴ ብርቂን ቀብር ነው።

አዴ ብርቂ ሲሞቱ ከታይፕ ቤቱ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ለልቅሶው ወንጂ መጡ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሴቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ነጠላውን አዘቅዝቋል፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ከድንኳኑ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች። ድምፅ አላወጣችም፤ ለካ ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ተዘግቷል። ለቀስተኛ ተቀባይ ዘመድ መሰለችኝና እጇን በቀስታ ገለል አድርጌ፣ «ጫልቱ የታለች? ጫልቱን አሳዩኝ!» አልኩ።

ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት «መነጽር ሰክተሽ በሐዘንተኛ ታላግጫለሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዘልዬ አቀፍኳት፤ ጫልቱ ግን እንደ ምሰሶ ቆመች። እጆቿ አልተነሱም።

«አይታየኝም» ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩትም። አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ሴቶች አጠገቤ ቆመዋል፤ የማያይ ታይፒስት ደግሞ እግር እንደሌለው ፖስተኛ ነው፤ እንጀራዬ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ጫልቱ ባል አግብታ መቂ ገባች፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ሆነች ሲባል ሰማሁ። ስምንት ዓመት አልተነጋገርንም። ሰዎቹ ኩሩ ሲሉኝ እበሳጭ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያን ቀን እውነትም ኩሩ ነበርኩ።

ሥራውን የያዝኩት በብልሃት ነበር። ወረቀቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ፀሐይ ከምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጬ እመታለሁ። አንድ ቀን ከአቦምሳ የመጡ እማማ ደስታ የሚባሉ ሴት ወላጆቹ የሞቱበትን የልጅ ልጃቸውን ለማሳደግ የሞግዚትነት ማመልከቻ አስጻፉ። የልጁ አባት ታደለ ነው፤ እኔ ታደሰ ብዬ መታሁት። ለእናንተ «ለ»ና «ሰ» ሁለት ፊደል ናቸው፤ ለእኔ ያኔ አንድ የደበዘዘ ነገር ነበሩ። ስሙ ከምስክሮቹ ቃል ጋር አልገጠመም፤ ጉዳዩ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። እማማ ደስታ ወረቀቱን ይዘው ተመልሰው መጡና ከበራፋችን ላይ ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ የሌላ ሰው ልጅ አደረግሽብኝ እኮ» አሉኝ። ወደ አገራቸው በሚመለሰው አውቶቡስ ሄዱ። የታይፕ ቤቱ ባለቤት «ከዛሬ በኋላ መኪናዬን እንዳትነኪ» አለችኝ።

ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ጋሽ ተካልኝ ጠሩኝ። አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝና «እስቲ ይህን አንብቢልኝ» አሉ። አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት፤ የድንበር ክርክር ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት ተወጣሁት።

«ጎበዝ» አሉ። «ያነበብሽው ግን ጠዋት ለባለጉዳዩ ጮክ ብዬ ሳነብ የሰማሽውን ነው። እጅሽ ላይ ያለው የሌላ ሰው የፍቺ ማመልከቻ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቴ፣ ጋሼ። መነጽሩ አይረዳኝም። እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ።»

«ለምን አልነግርም? አንድ ጊዜ የሰማሽውን ገጽ ሙሉ ይዘሽ ውለሻል እኮ። ዓይንሽ ቢታመም ጆሮሽ ደህና ነው።» እጄን ይዘው ተመልሰው ገቡና ለታይፕ ቤቱ ባለቤት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመታለች። ስም ሲመጣ ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ስህተት ከተገኘ እኔም ጥላዬን አጥፌ እሄዳለሁ» አሏት። ጋሽ ተካልኝ ከሄዱ ባለጉዳዩ አብሮ እንደሚሄድ ስለምታውቅ እሺ አለች። ያንኑ ቀን የእማማ ደስታን ማመልከቻ ደግመን መታነው። «ታደለ። ታ፣ ደ፣ ለ። ለሎሚው ለ!» እያሉ ይጮኻሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ አቦምሳ ለመሄድ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ቀጠሮው ሳይደርስ አሻራቸውን ወረቀቱ ላይ ካላሳረፉ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቄ ነው። የአውቶቡሱን ሰሌዳ ማንበብ ስለማልችል ከእያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ ጠየቅሁ። አቦምሳ ደርሼ በሰው በሰው ቤታቸውን አገኘሁ። በር ላይ ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ታሞ ነው፤ ደህና አድርጌ አላይም» አልኩ። እማማ ደስታ «ይህን ለማለት አቦምሳ ድረስ መምጣት ነበረብሽ? ግቢና በቆሎ ብዪ» አሉኝ። ሰማይ አልወደቀም። በቆሎውን በላሁ፤ አሻራቸውን አሳረፉ፤ ጉዳያቸውም በቀጠሮው ቀን አለቀላቸው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ለማላውቃቸው ሴት የነገርኩትን ለጫልቱ ይህን ሁሉ ዓመት ከልክያታለሁ።

ጋሽ ተካልኝ አላሳረፉኝም። አዲስ አበባ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪሙ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተሳለበት ክብ ነገር ከዓይኔ ፊት ይዞ በመሃሉ ቀዳዳ ብዙ አየኝ። «ስም አለው» አለ። «ኬራቶኮነስ ይባላል። የዓይን ፊት እንደ ሰዓት መስታወት ክብ ሆኖ መቆም አለበት። ያንቺ መሃሉ ሳስቷል፤ ሳስቶ ወደ ፊት ሾሏል። ብርሃኑ ሲገባ የሚበታተነው ለዚህ ነው።»

«እታወራለሁ?»

«ጨለማ ውስጥ አትገቢም። በመነጽር ግን ከእንግዲህ አትድኚም። ዓይንሽን ታሻለሽ?» እጄ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ አየኝ፣ እኔም እጄን አየሁት፤ ወደ ጭኔ መለስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን አሽቼ አላውቅም። ሲያሳክከኝ ቀዝቃዛ ጨርቅ አደርጋለሁ፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ እንዳላሽ ለብዙ ዓመት ጓንቲ አድርጌ ተኝቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ዓይኑን የሚያሳክከው ሰው ይፍረደኝ።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ከውጭ አገር ለሁለቱም ዓይኖቼ፣ ብሌኑ ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ መጣልኝ፤ እያንዳንዷ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ። መጀመሪያ ስትገባ አሸዋ ዓይኔ ውስጥ የገባ ያህል አስለቀሰችኝ። እንባው ሲቆም ቀና አልኩ። ጋሽ ተካልኝ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ለካ ፂማቸው ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል፤ ለካ ከግራ ጉንጫቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ሽማግሌ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። «ምነው ታፈጥጪብኛለሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አርጅተዋል እኮ» አልኳቸው። ሁለታችንም ተላቀስን።

በሳምንቱ መቂ ሄድኩ። የሽንኩርቱ ሽታ ከከተማው መግቢያ ይቀበላል። ከመንገዱ ዳር ባለ ሰፊ ግቢ ጆንያ ይጫናል፤ ደላሎች ይጯጯኻሉ፤ መርካቶ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። ከአርባ እርምጃ ለየኋት። ወፍራለች፤ ወገቧን በሻሽ አስራ ጫኞቹን ታዛለች። «ጫልቱ!» ብዬ ጠራሁ። ዞር አለች።

«ዛሬስ ታየሁሽ?» አለችኝ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። የጨረቃዋን፣ የመነጽሩን፣ የድንኳኑን፣ የሐኪሙን፣ የሌንሷን። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ዓይንሽ አላየኝም፤ እሺ» አለች። «አፍሽስ? አፍሽ ምን ሆኖ ነው ስምንት ዓመት ዝም ያለው?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«እንጀራዬን።»

«እኔ ያን ቀን እናቴንም አንቺንም ነው የቀበርኩት፤ ገባሽ? በአንድ ቀን ሁለት ሰው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ገብቶኛል» አልኩ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም እመለሳለሁ፤ በሚመጣው ሳምንትም እመጣለሁ፤ ከዚያም በኋላ እመጣለሁ።»

ይህን እያልኩ ነው ነፋሱ የተነሳው። የሽንኩርት ልጣጭና አቧራ አንድ ላይ አንስቶ ፊቴ ላይ በተነው፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ በአንዱ ዓይኔ ዓለም ተመልሶ ደበዘዘ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ብዬ ጮኽኩ። «ዓይኔ ወደቀ!»

አንዱ ጫኝ «ወይኔ፣ ዓይኗ ወደቀ!» ብሎ ጆንያውን ጥሎ አማተበ። ጫልቱ ግን ወዲያው ገባት። «ሂን ሶቾኢና!» ብላ ቃሌን በኦሮምኛ ደግማ አንባረቀች፤ ሁሉም ባለበት ደረቀ። የመኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል፤ «ዝም በል አንተ!» አለችው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በእንብርክካችን ከሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ አንዲት የመስታወት ቅርፊት ስንፈልግ፣ ደላሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩን ቆዩ። በመጨረሻ ከራሷ ጉርድ ጠርዝ ላይ አገኘቻት። በጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ፀሐይ አነሳቻት። «ይህች ናት?» አለች። «ስምንት ዓመት ያለያየችን ይህች የምታህል ነገር ናት?» መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። ያን ጊዜ እጆቿ ተነሱ።

የሌንስ ኑሮ ቀላል አልነበረም። ናዝሬት አቧራ፣ እኔ ደግሞ ባለ ሌንስ። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ነበር የምችላት፤ ስለዚህ ሰዓቴን እንደ ጾም ሰዓት ለይቼ አዘጋጀሁ። ሥራ በእሷ፣ ገበያ ያለ እሷ። ጋሽ ተካልኝ አረፉ፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም «ለሎሚው ለ» ይለኛል። ታይፕ ቤቱ ተዘጋ፤ ኮምፒውተር መጣ። የሰፈሩ ሰው «ያንቺ ነገር አበቃ» ሲል እኔ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ። ፊደሉን የዶሮ እንቁላል እስኪያህል ማጉላት እንደሚቻል ሳውቅ ደስታዬን ለማንም መግለጽ አልቻልኩም። ትንሽ የጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። ከበሩ ላይም ራሴ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፤ «ዓይኔ ስለሚያስቸግረኝ ሰላም ሲሉኝ ስምዎን ይናገሩ።» የመጀመሪያ ሰሞን ሰው ሳቀ፤ በኋላ ሁሉም «እከሌ ነኝ» እያለ መግባት ለመደ።

አንድ ጠዋት ስነሳ ቀኝ ዓይኔ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ሕመሙ እንደ እሾህ ነበር። የሳሳው መሃሉ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበት ነው አሉኝ። ውኃው በወራት ደረቀ፣ ጠባሳው ቀረ። በዚያ ዓይን ሌንስም መነጽርም ከንቱ ሆነ። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ የሞተ ሰው የለገሰው ብሌን። ወረፋ ያዝኩ። በግራ ዓይኔና በስድስት ሰዓቴ ሁለት ዓመት ሠራሁ። «ተቀመጪ፣ ሰው ይርዳሽ» ያሉኝ ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ አልተቀመጥኩም።

ብሌን ተገኘ ተብሎ ስልኩ ሲደወል ጫልቱ ከመቂ በሽንኩርት መኪና መጥታ አዲስ አበባ አደረሰችኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲነሳ እንደሚወራው ተአምር ወዲያው ዓለም አልበራልኝም። ብዥ ያለ ብርሃን፣ የነርሷ ነጭ ልብስ፣ የጫልቱ ቀይ ሻሽ። ክሩ ዓይኔ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ፤ ጠብታውን በሰዓቱ፣ አንድ ቀን ሳላጓድል አደረግሁ። ቀስ በቀስ ነው የመጣው። አንድ ቀን ከፖስታ ቤቱ ማዕዘን ቆሜ፣ ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት አሮጊት አየሁ፤ ያቺ የታይፕ ቤቱ ባለቤት ነበረች። ፊቷን ነው ያወቅሁት፤ ልብሷን አይደለም። ቀድሜ እጄን አነሳሁ። ግራ ገብቷት ወደ ኋላዋ ዞራ ሌላ ሰው ፈለገች።

ማን እንደሰጠኝ ጠይቄ ነበር። አይነገርም አሉኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ አላውቅም። በዓመት በዓመቱ ስሙን ለማላውቀው ሰው ጧፍ አበራለሁ። እኔም ስሞት ዓይኔን ልሰጥ ቃል ገብቼ ቅጹን ሞልቻለሁ። ጫልቱ ምስክር ሆና ስትፈርም «ከሞትሽ በኋላ ዓይንሽን ሲወስዱ እኔ ቆሜ ልይ?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። «ትቆሚያለሽ፤ ዘመዶቼ እንዳይከለክሉ ትቆሚያለሽ» አልኳት። ፈረመች።

አሁን ግራ ዓይኔም ሌንሷን እምቢ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ሄጄ ነበር። የዛሬው ሐኪም ልጅ እግር ነው። ዛሬ ለወጣቶቹ በሽታውን ገና ሲጀምር የሚያቆም ሕክምና እንዳለ ነገረኝ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለእኔ ግን ያው ሌላ ብሌን ነው።

«እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ በአንዱ ዓይን ደህና ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ጣጣ እንደገና ምን አስፈለገዎት?» አለኝ።

«ስንት ዓመት እንደቀረኝ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ» አልኩት። «የቀረኝን ግን በደንብ አይቼው ነው የምሄደው። ጻፈኝ።»

ጻፈኝ። ሻንጣዬ ታስሯል፤ ስልኬን ከአጠገቤ አልለይም። የሚደወልልኝ በአንድ ቤት ለቅሶ የገባ ዕለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ይደወል ብዬ አልጸልይም። ሲደወል ግን እነሳለሁ።